መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ፊልተሩ

«የትኛውን ፊልተር ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ኬሚስትሪ ስለማስተምር መሰለኝ። ዘመድ ይደውላል፣ ጎረቤት ደረጃ ላይ ያስቆመኛል፣ የልጁን ውጤት ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ እንኳ ወሬውን ፊልተር ላይ ይጨርሰዋል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ውሃችሁ ከየት ነው የሚመጣው? በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቤት ከገባ በኋላስ ምን ውስጥ ይቀመጣል? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። የፈለገው ስም ነው፤ ስም ንገሪኝና ገዝቼ ልረፍ ነው ነገሩ።

ስም አልናገርም። አንዱ ቤት ግሩም የሆነው ዕቃ ሌላው ቤት ገንዘብ መጣያ ነው። ክሊኒክ ገብታችሁ «ዶክተር፣ ጥሩ መድኃኒት ስጠኝ» አትሉም፤ የት እንዳመማችሁ ነው መጀመሪያ የምትናገሩት። ጃርዲያ የሚባለው የሆድ ተሕዋስ ያለበት ውሃና ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን የበዛበት ውሃ በአንድ ዕቃ አይድኑም።

ከአዲስ አበባ ልጀምር፣ የምኖረው እዚሁ ስለሆነ። የከተማችን ውሃ ከሁለት ዓይነት ቦታ ነው የሚመጣው። አንዱ ግድብ ነው፦ ለገዳዲ፣ ድሬ፣ ገፈርሳ። ሌላው የከርሰ ምድር ጉድጓድ ነው፣ በተለይ አቃቂ በኩል ያለው። የግድቡ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ይገባል፣ ደለሉ በኬሚካል ተሰብስቦ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይጨመርበታል። ክረምት ላይ ጎርፉ አፈሩን ሁሉ ይዞ ግድብ ስለሚገባ ሥራው ይከብዳል። ያም ሆኖ ከጣቢያው የሚወጣው ውሃ እኛ ጋ ከሚደርሰው ውሃ ጋር አንድ አይደለም። ብዙው ጣጣ መንገድ ላይ ነው ያለው።

መንገድ ስል ቧንቧውን ነው፣ በተለይ ደግሞ ፈረቃውን። ቧንቧ ሁልጊዜ ግፊት ካለው፣ የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ እንኳ ቢሆን፣ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጭው ወደ ውስጥ አይገባም። ውሃው ሲቋረጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባዶ የሆነው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል ዙሪያው ያለውን እርጥበት ይስባል፣ ዙሪያው ያለው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የፍሳሽ መስመር ጎን ለጎን ተቀብሯል፣ የአንዱ ግቢ ሽንት ቤት ሞልቷል፣ መንገድ ሲቆፈር የተነካ ነገር አለ። ስለዚህ «ውሃ መጣ!» ተብሎ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ፣ መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ከሁሉም የባሰው ነው። ዝገቱም፣ ጭቃው፣ ባክቴሪያውም አብሮ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ቅዱት። የሚጠጣውን ቆይታችሁ፣ ውሃው ጠርቶ ሲወርድ ያዙ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ከብዙ ፊልተርም ይበልጣል።

በነገራችን ላይ፣ ውሃው አንዳንዴ ወተት መስሎ ይወርዳል። ይህኛው አያስደንግጣችሁ። ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የነበረ አየር። ከላይ ወደ ታች የሚጠራና ታች ላይ ዝቃጭ የሚተው ከሆነ ግን አፈር ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ቤታችን ውስጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ የቤተሰብ ጥናት የመጠጥ ውሃ ለኢ. ኮላይ ተመርምሮ ነበር፤ ኢ. ኮላይ ማለት ከሰገራ ጋር መነካካት መኖሩን የሚናገረው ባክቴሪያ ነው። ውሃው ከሚቀዳበት ቦታ ይልቅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠጣው ብሶ ተገኘ። ውሃው ቤት ገብቶ ነው የሚበላሸው ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለመገመት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ልጁ ከውጭ ይገባል፣ ኩባያውን ባልዲ ውስጥ እስከ ክርኑ ይነክራል፣ ይጠጣል፣ የተረፈውን መልሶ ይደፋል። በቃ።

ሮቶውም አለ። ብዙ ግቢ ውስጥ ሮቶ የሚታጠበው ባለቤቱ ሲቀየር ነው። ታች ደለል ይቀመጣል፣ ክዳኑ ተነቅሎ ወፍ ይገባበታል፣ ከቧንቧው ጋር የመጣው ትንሽ ክሎሪንም ፀሐይ ላይ ከርሞ ይጠፋል። ክሎሪን ካለቀ በኋላ ባክቴሪያው የሚፈራው ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀር የሚመክረው ለዚህ ነው። ያ የምንጠላው ሽታ ጠባቂ ነው፣ ዘበኛ ሽታው አይወደድም ተብሎ አይባረርም።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ውሃ በዋናነት የሚታመመው በተሕዋስያን ነው። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፤ «ሆዴን» ያለ ሁሉ ክሊኒክ ሄዶ ከእነዚህ አንዱን ተጽፎለት ይመለሳል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት ከተማው ውስጥ ሲገባ የነበረውን ድንጋጤ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ፤ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ የተከለከለበት፣ ሰው ሁሉ ውሃ አፍልቶ የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። ይህንን ያዙልኝ፦ ተሕዋስያን እንጂ ማዕድን አይደለም። ምክንያቱም ፊልተር ሻጮች የሚያወሩት በሙሉ ስለ ማዕድን ነው።

ይህንን ያየሁት እናቴ ቤት ነው። አንድ ከረባት ያሰረ ልጅ መጣ። ትሕትናው ይጣፍጣል። «ማዘር፣ ልሸጥ አይደለም የመጣሁት፣ ላሳይዎት ነው» አለ። ሁለት ብርጭቆ አስመጣ። አንዱ ላይ የቧንቧ ውሃ ቀዳ፣ ሌላው ላይ ራሱ ይዞት የመጣውን «የተጣራ» ውሃ። ከቦርሳው ዘንግ ዘንግ ያለው ትንሽ ማሽን አወጣ፣ ሶኬት ላይ ሰካ፣ ዘንጎቹን ሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነከረ። ጥቂት ቆይቶ የቧንቧው ውሃ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ የጎርፍ ውሃ። አረፋና ቆሻሻ ተንሳፈፈበት። የእሱ ብርጭቆ ኩልል እንዳለ ቀረ። እናቴ አማተበች። «ይኼንን ነው እንዴ ልጆቼን ሳጠጣ የኖርኩት?»

ነገሩ ተራ የኬሚስትሪ ሙከራ ነው፣ አሥረኛ ክፍል የማስተምረው። ከዘንጎቹ አንዱ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ራሱ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ያ ቡናማ ነገር ዝገት ነው። የመጣው ከማሽኑ እንጂ ከቧንቧው አይደለም። የልጁ ውሃ ያልደፈረሰው ንጹህ ስለሆነ ሳይሆን ማዕድኑ ስለወጣ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። «እስቲ ያንተኛው ላይ ጨው ጨምርበት» አልኩት። «ቲቸር፣ እሱ ማሽኑን ያበላሸዋል» አለ። እናቴ ግን ጨዋታው ገብቷታል፣ ከጓዳ ቆንጥራ አምጥታ ጣል አደረገችበት። የእሱም ጎርፍ ሆነ። ልጁን አላሳፈርነውም፣ ቡና ጠጥቶ ነው የሄደ፣ እሱም የተነገረውን ነው የሚደግመው።

ሌላው መሣሪያቸው ቲ.ዲ.ኤስ ቆጣሪ ነው፣ እስክሪብቶ የሚያክል፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር የሚያወጣ። የሚለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን የማዕድን መጠን ነው፣ እሱንም በግምት። ባክቴሪያ አይቆጥርም። የኮሌራ ባክቴሪያ የሞላበት የዝናብ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት አነስተኛ ቁጥር ያወጣና ሻጩ «በጣም ንጹህ!» ይላችኋል። አምቦ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ደግሞ ከቧንቧ ውሃችሁ ብዙ እጥፍ ያሳያል። አምቦ መርዝ ነው እንዴ ታዲያ? የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ ቁጥር የሚናገረው ከጣዕም አንጻር ነው፤ በሊትር ከ600 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ለመጠጥ ይጥማል፣ ከ1,000 ሲያልፍ አይጥምም ነው የሚለው። ቆጣሪው የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ እመጣበታለሁ። የአዲስ አበባን ውሃ ደህንነት ለመለካት ግን ዋጋ የለውም።

በዚህ ማሽንና በዚህ ቆጣሪ የሚሸጠው ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ አር.ኦ የሚሉት። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ውሃውን በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን በግፊት ይገፋዋል፣ ከውሃው በቀር ብዙው ነገር ወደኋላ ይቀራል፤ ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ባክቴሪያ። ግን የሚፈልገውን ስሙ። ግፊት ይፈልጋል፣ ሦስት ባር ገደማ። ውሃ በአሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ጣሪያችሁ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ያኔ ፓምፕ ይጨመራል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ውሃ የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የተለመደው የቤት አር.ኦ አንድ ሊትር የሚጠጣ ውሃ ለመስጠት ሦስት ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ፍሳሽ ይደፋል። በፈረቃ ጠብቄ፣ ሌሊት ተነስቼ የቀዳሁትን ውሃ! የሚደፋውን በባልዲ ይዞ ለወለልና ለሽንት ቤት ማዋል ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ፣ ግን ልብ ብሎ ባልዲ የሚቀይር ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ለአዲስ አበባ ዓይነት ውሃ እኔ የምመርጠው በጣም ተራ ነገር ነው። የሴራሚክ ሻማ ያለው ማጣሪያ። ሁለት ባልዲ ተደራርቦ፣ ላይኛው ውስጥ ነጭ ሻማ፣ ታችኛው ላይ ቧንቧ። መብራት አይጠይቅ፣ ግፊት አይጠይቅ፣ ግድግዳ አያስበሳ፣ ተከራይ ብትሆኑ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። ደህና ሻማ ቀዳዳው ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ በታች ነው፤ የጃርዲያ እንቁላል ወደ አሥር ማይክሮን ይጠጋል፣ ባክቴሪያም አብዛኛው ግማሽ ማይክሮንና ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ ጃርዲያው ይያዛል፣ ባክቴሪያውም አብዛኛው ይያዛል። ለጃርዲያ እንዲያውም ከክሎሪን ይበልጣል፣ ጃርዲያ ክሎሪንን ተቋቁሞ የሚቆይ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። አንደኛ ይንቀረፈፋል፣ አንድ ሻማ በሰዓት አንድ ሁለት ሊትር ቢያወርድ ነው፤ ማታ ሞልቶ ማደር ነው መላው። ሁለተኛ ቫይረስ ያልፈዋል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው፣ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚጥለው ሮታ፣ እነዚህ ከባክቴሪያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው ካለ፣ ወይም ወሬው የአተት ከሆነ፣ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ይጨመርበታል። ውሃ አጋርን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። ድፍርስ ውሃ ላይ የተጨመረ ክሎሪን ጭቃው ይበላዋል፤ መጀመሪያ ይጣራል፣ ከዚያ ክሎሪን። ሻማው ውስጡ ከሰል ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑን ከላይ ብትጨምሩት ከሰሉ ይውጠዋል፣ ታችኛው ባልዲ ላይ ነው የሚጨመረው። በረኪናን ለመጠጥ ውሃ የምትጠቀሙ ተዉ፤ የሚሸጠው ሁሉ ጥንካሬው አንድ አይደለም፣ ሽቶም የተጨመረበት አለ።

ሻማው ሲደፈን በለስላሳ ብሩሽ በንጹህ ውሃ ይፈተጋል፣ ያለ ሳሙና። በየጊዜው ስለሚፈተግ እየሳሳ ይሄዳል። ተሰንጥቆ ካያችሁ ጣሉት፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ለባክቴሪያ ቀለበት መንገድ ናት። ውድቀት አይወድም። ሠራተኛዋም፣ አክስትም፣ ቤት ያለ ሁሉ ይህንን ማወቅ አለበት፤ የእኛን ቤት አንዱን ሻማ የሰበረው ሊያግዝ የመጣ እንግዳ ነው።

ከሻማ ትንሽ ዘመናዊ የምትፈልጉ፣ ክር የመሰሉ ቱቦዎች የታጨቁበት ማጣሪያ አለ። ቀዳዳው ከሻማው ያነሰ ነው፣ ውሃውም ቶሎ ይወርዳል፣ የሮቶ ግፊት ይበቃዋል፣ መብራትም አይጠይቅም። አንዳንዱ ቫይረስንም ይይዛል፣ አንዳንዱ አይዝም፤ ማሸጊያው ላይ ማንበብ ነው። በየጊዜው ውሃ ወደኋላ ገፍቶ ማጠብ ግን ግዴታ ነው፣ የክረምት ጭቃ ቶሎ ያንቀዋል። ለዚህ ነው ድፍርስ ውሃን መጀመሪያ አስቀምጦ ማጥለል፣ ወይም በንጹህ ጨርቅ ማሳለፍ የሚጠቅመው። ጨርቅን አትናቁት። ባንግላዴሽ ገጠር ሴቶች ያረጀ ሳሪያቸውን ብዙ ጊዜ አጣጥፈው ውሃ ሲያጠሉበት ኮሌራ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ያረጀ ነጠላ የሌለበት ቤት የት አለ?

ዩ.ቪ የሚሉት ብርሃንም አለ። ባክቴሪያንም ቫይረስንም ይገድላል፣ ግን ውሃው ኩልል ያለ መሆን አለበት፣ መብራትም መኖር አለበት። ለእኔ ሰፈር አይሆንም።

የከሰል ፊልተር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከሰል ያለበት የፕላስቲክ ጆግ ፊልተር ይገኛል፣ ከቪታሚኑና ከጫማው ጋር። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነው ለዓመታት ተጠቅመውበታል፣ ወደውታልም። እዚያ ልክ ናቸው። እዚያ ውሃው ቀን ከሌት ግፊት አለው፣ ክሎሪኑ ቧንቧው ጫፍ ድረስ ይደርሳል፣ የሚያሳስባቸው የክሎሪኑ ጣዕም ነው፣ ወይም የድሮ ቤት የእርሳስ ቧንቧ፤ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ በውሃ ውስጥ በተገኘ እርሳስ ስትታመስ ነበር። ጆጉ የተሠራው ለእነሱ ችግር ነው። ማሸጊያው ላይ በትንሽ ጽሑፍ ብታነቡ በተሕዋስያን የተበከለ ወይም ደህንነቱ የማይታወቅ ውሃ ላይ አትጠቀሙ ይላል። እኛ ቤት ሲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ክሎሪኑን ያወጣል፣ ባክቴሪያውን ይተዋል። ከሰሉ ራሱ እርጥብ ሆኖ ሲከርም የባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል። እናቴ ለቡና ውሃ ትጠቀምበታለች፣ ቡናው ክሎሪን ክሎሪን አይልም ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ለሚፈላ ውሃ ምንም አይልም። ለሚጠጣ ግን አይሆንም።

አሁን ታላቅ እህቴ ጋ ልሂድ። ባቱ ነው የምትኖረው፣ እኛ እስካሁን ዝዋይ ነው የምንለው። እዚያ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከመሬት የሚወጣ ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ስለሚያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ከአሥር በላይ የሚያወጡ ጉድጓዶች አሉ። ቡናማ የሆነ ጥርስ ያለው ሰው ስታዩ «የአዳማ ልጅ ነህ? የመተሐራ?» ብላችሁ የምትጠይቁት ለዚህ ነው። ጥርሱ ትንሹ ነገር ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ ለዓመታት ያንን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደርቆ መታጠፍ እስኪያቅታቸው ድረስ አጥንታቸው ተጎድቷል፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና የተመዘገበ ነው።

ፍሎራይድን የሴራሚክ ሻማ አይነካውም። ክሎሪን አይነካውም። ማፍላት እንዲያውም ያብሰዋል፣ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር። እዚያ አር.ኦ ትክክለኛ ዕቃ ነው፣ ቲ.ዲ.ኤስ ቆጣሪውም እዚያ ነው ሥራ የሚያገኘው፤ የተጣራው ውሃ ላይ ቁጥሩ ድሮ ከነበረው እያሻቀበ ከመጣ ሽፋኑ አርጅቷል ማለት ነው። እህቴ አር.ኦ ያስገባችው ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ነው፣ ለገላና ለልብስ ፍሎራይድ ምንም አያደርግም። የጥርስ ጉዳት የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ስለሆነ፣ እስከ ስምንት ዓመት ያሉ ልጆች ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ውሃው ቢያንስ እነሱን ማዳረስ አለበት። ሻይ ቅጠልም ራሱ ፍሎራይድ አለው፣ ከዚያ ውሃ ጋር ሲደመር ለሕፃን ጥሩ አይደለም።

አር.ኦ የማይገዛ ሰውስ? በተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ አለ፣ ፍሎራይድን በደንብ ይይዛል፣ ጊዜው ሲደርስ ግን አጥንቱ ይሞላና መቀየር አለበት። ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው እንስሳ አጥንት ነው?» ብሎ ነው፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። የዝናብ ውሃም አለ፣ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ተቀብሎ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ለቆ፣ የቀረውን ሸፍኖ ማስቀመጥና ለልጆቹ በሻማ አጣርቶ መስጠት። ከአዲስ አበባ ተሸክሜ የወሰድኩላት ሻማ ለዚህ ሆነላት፣ ለብቻው ግን ምንም አይፈይድላትም ነበር።

ድሬዳዋ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ውሃው ጨው አይደለም፣ ፍሎራይድም አይደለም የሚያስመርረው፣ ኖራው ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል፣ ቧንቧ ይደፈናል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም። ዕቃ ያበላሻል እንጂ ሰው አያሳምምም፣ ኩላሊት ጠጠር ያመጣል ብሎ የሚያስፈራራችሁን ሻጭ ሻይ ጋብዙና ሸኙት። ናይትሬት ግን ልብ በሉ፣ በተለይ የግቢ ጉድጓድ ያላችሁ፣ የትም ከተማ ብትኖሩ። ሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ ጉድጓድ ናይትሬት ይይዛል፣ ለጡጦ ሕፃን አደገኛ ነው፣ አፍልቶም አይጠፋም።

ስለ ማፍላት አንድ ነገር ልበል። እኛ ከፍታ ላይ ስላለን ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ መቶ አይደርስም። አትጨነቁ፣ ለባክቴሪያም ለጃርዲያም ለቫይረስም ይበቃል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ያለ ሰው ሦስት ደቂቃ እንዲያንተከትክ የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ይመክራል፣ እሱን መያዝ ነው። ሃያ ደቂቃ ማፍላት ከሰል መጨረስ ነው። ችግሩ ከፈላ በኋላ ነው፣ ባልታጠበ ሃይላንድ ውስጥ ተገልብጦ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለመግዛት ሱቅ ስትገቡ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ነገር ዋጋው አይደለም። ካርትሪጁ፣ ማለትም ውስጡ ያለው የሚቀየረው ማጣሪያ፣ ስንት ሊትር ያጣራል? ሲያልቅ እዚህ አገር ይገኛል ወይስ «ዶላር የለም፣ ዕቃው አልገባም» ነው? ብዙ ቤት ቆጣሪ የመሰለ ውብ ፊልተር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካርትሪጁ ከሁለት ዓመት በፊት ያለቀ ነው። ያ ፊልተር ከሌለ ይሻላል። የምስክር ወረቀት አለን ካሉ ቁጥሩን ጠይቁ። ኤን.ኤስ.ኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከሚያወጣቸው ደረጃዎች 42 ማለት ጣዕምና ክሎሪንን የመሰለ ነገር ብቻ ነው፣ 53 ለጤና የሚያሰጉ ነገሮችን ነው፣ 58 የአር.ኦ ነው። 42 ይዞ «ባክቴሪያ ይገድላል» የሚል ካለ ውጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም የቤት ማጣሪያዎችን ፈትሾ በኮከብ ደረጃ ይሰጣል፤ ሦስት ኮከብና ሁለት ኮከብ ያገኙት ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ሦስቱንም የሚከላከሉ ናቸው፣ አንድ ኮከብ ያለው ሁለቱን ብቻ። ሻማ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኮከብ አያልፍም፣ ክሎሪን ጨምሩበት ያልኩት ለዚህ ነው።

የታሸገ ውሃ ለምን አልጠቀምም ላላችሁኝ፣ ለቤተሰብ ወር ሙሉ ሲባዛ ስንት እንደሚመጣ ራሳችሁ አስሉት። ትልቁን ሰማያዊ ጀሪካን የምትጠቀሙ ደግሞ ማቀዝቀዣውን መቼ ነው ያጠባችሁት?

የመጨረሻው የሮቶው አስተጣጠብ ነው። በስድስት ወር አንዴ፣ ቢቻል ክረምቱ እንደወጣ። ውሃው ሊያልቅ ሲል፣ የፈረቃው ዋዜማ ላይ ያዙት፣ አለዚያ የምትደፉት ውሃ ያንገበግባችኋል። የታችኛውን ደለል አውጡ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፣ በክሎሪን ውሃ ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ አለቅልቁና ያለቀለቃችሁበትን ውሃ ልቀቁ። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ወንፊት አስሩበት። ውስጡ የሚገባ ሰው ካለ ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ይኑር፣ ክሎሪኑንም እሱ ከወጣ በኋላ።